አሮጌውን ዲጂታል አጀንዳ በሀበሻ ሰዓት ማስኬድ

(ደሴ ውስጥ ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ተማሪዎችና ለእንግዶቻቸው ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን አሮጌ የኪስ ዲጂታል አጀንዳዎች አንሡና ተመልከቱ፤ ከእጅ ወደ እጅም አሳልፏቸው። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ ከጀርባቸው ያለውን የባትሪ ክዳን ማንም እንዳይከፍት። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ግራጫዋ ፓልም 3 ትባላለች፤ በ1998 ለገበያ የቀረበች ናት። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። እንደ መነጽር ማኅደር ተከፍታ ሙሉ የጽሕፈት ገበታ የምታወጣው ሳዮን ሲሪስ 5 ናት፤ የ1997 የእንግሊዝ ሥራ። ትንሿና ጠርዟ የተሞረደው ደግሞ ኤም100፣ ከ2000 ወዲህ የመጣች የፓልም ታናሽ እኅት።

የሚሠሩት ሥራ አራት ነው። ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ስምና ስልክ ቁጥር ያስቀምጣሉ፣ የሚሠራ ነገር ይዘረዝራሉ፣ ማስታወሻ ይመዘግባሉ። ስልክ አይደውሉም፣ ፎቶ አያነሡም። በየዓመቱ መባቻ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ለደንበኞቻቸው የሚያድሉትን ያን ወፍራም አጀንዳ በኤሌክትሮኒክስ የተኩ ናቸው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ልዩነቱ፣ የወረቀቱ አጀንዳ ለእኛ ሲታተም ገና ከማተሚያ ቤት መስከረምና ጳጉሜን ተጽፎበት ይወጣል። እነዚህ ግን ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን ሳያውቁ ተሠርተው፣ ሳያውቁ ጡረታ ወጥተዋል።

እኔን የሚያስደስተኝም ይኸው ነው። ጥገና ስንል የተበላሸን ነገር ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ ብቻ ይመስለናል። ፋብሪካው ራሱ እኛን ሳያስብ የሠራውን ዕቃ ለእኛ ውሎ እንዲመች ማድረግም ጥገና ነው። ለስልኮቻችን ሌሎች ባለሙያዎች ይህን ሠርተውልናል። ለእነዚህ ማንም ስላልሠራላቸው ሥራው ለእኛ ቀርቷል። ዛሬ ሰፋ አድርጌ የምናገረው ስለዚያ ነው።

ታሪኩን በጥቂቱ። አፕል በ1993 ኒውተን የሚባል የእጅ ኮምፒውተር አውጥቶ ነበር። ኒውተን ባለቤቱ እንደ ልማዱ ሲጽፍ የእጅ ጽሑፉን እያጠና ለማንበብ ይጥር ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ግን ብዙ እየተሳሳተ መሳቂያ ሆነ። ጄፍ ሃውኪንስ የተባለው የፓልም መሥራች ነገሩን ገለበጠው። ማሽኑ የሰውን እጅ ከሚማር፣ ሰው ቀለል ያለ አጻጻፍ ቢማር ይቀላል አለ። ሃውኪንስ መሣሪያውን ከመሥራቱ በፊት በሸሚዝ ኪስ ልክ የተቆረጠ እንጨት ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲጠየቅ እንጨቱን አውጥቶ በላዩ ላይ እንደሚጽፍ ይሆናል። ኪስ ውስጥ የማይመች ከሆነ ቅርጹን ይለውጣል። በ1996 የወጣችው የመጀመሪያዋ ፓይለት 1000 የማስታወሻ አቅሟ 128 ኪሎባይት፣ ዋጋዋ 299 ዶላር ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ እንኳ እዚያ ውስጥ አይገባም። የስብሰባ ቀጠሮ ግን ይገባል፣ ያውም በመቶ የሚቆጠር።

አሁን ወደ ባትሪው ልግባ። ፓልም 3 ለሪሞት የምንጠቀምበትን ቀጭን የባትሪ ድንጋይ ሁለት ትወስዳለች፤ በሁለቱ ለሳምንታት ትሠራለች። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ የጻፋችሁት ሁሉ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ፣ በራም ላይ መሆኑ ነው። ድንጋዩ ሲወጣ በውስጧ ያለ ካፓሲተር ለአንድ ደቂቃ ያህል ያቆይላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ስሙም፣ ቀጠሮውም፣ ማስታወሻውም የለም። ክዳኑን አትክፈቱ ያልኩት ለዚህ ነው። አዲሶቹን ድንጋዮች ከማሸጊያቸው አውጥታችሁ፣ አቅጣጫቸውን አይታችሁ፣ እጃችሁ ላይ ካዘጋጃችሁ በኋላ ነው አሮጌዎቹን የምታወጡት። ሳዮን በዚህ ትሻላለች። ከሁለቱ ዋና ድንጋዮች ሌላ ጠፍጣፋ መጠባበቂያ ባትሪ አላት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ካላወጣችሁ በስተቀር ምንም አትረሳም።

ከመሳቢያ የወጣ መሣሪያ ስታገኙ ግን ውስጡ የሚረሳ ነገር አይኖርም። የምታገኙት የፈሰሰ ድንጋይ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ሞላው ላይ ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ መጀመሪያ የድንጋዩን ዓይነት አንብቡ። አልካላይን ከሆነ የፈሰሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቤዝ ስለሆነ በአሲድ ይመክናል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጠርጉት እየፈላ ይለቃል። በርካሽ የሚሸጠው ዚንክ ካርቦን ከሆነ ግን ፍሳሹ ራሱ አሲድነት ስላለው አቼቶው አይረዳም፤ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጣችሁ ተጠቀሙ። በሁለቱም ጊዜ መጨረሻ ላይ በአልኮል አጥባችሁ በደንብ እንዲደርቅ ተዉት። ሞላውን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ አሉ፤ እኔ አልመክርም። በላዩ ያለው ስስ ልባጥ ሲነሣ ብረቱ በሚቀጥለው ክረምት ይዝጋል። ደግሞ ዚንክ ካርቦንን እንደገና አትክተቱባት። የእሱ ቆርቆሮ ራሱ የሚበላው ዚንክ ስለሆነ ሲደክም ይበሳል።

ፓልም 5 ስጡኝ የሚል ካለ፣ ቆንጆ ናት፣ ቀጭን ናት፣ አትግዟት። ባትሪዋ የሚሞላ ሊቲየም ሆኖ ገላዋ በማጣበቂያ ተዘግቷል። ለመክፈት ማሞቅ ያስፈልጋል፤ አብዛኛዎቹም ሲከፈቱ ይጣመማሉ። ሳዮንን የምትገዙ ደግሞ ስክሪኑን ከገበታው የሚያገናኘውን ስስ ኬብል ፈትኑ። ከፍታችሁ እየዘጋችሁ ስክሪኑ መሥመር መሥመር ካወጣ ኬብሉ ማጠፊያው ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው።

ድንጋዩ ገብቶ የፓልሟ ማብሪያ ሲነካ ስክሪኑ ላይ የዒላማ ምልክቶች ይወጣሉ፤ መሐላቸውን በብዕሩ ንኩ። ይህ ስክሪኑና ብዕሩ እንዲተዋወቁ ነው። ምልክቱን ጠርዙ ላይ የነካ ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ መሥመር ዝቅ ብሎ ሲነካ ይውላል። ምንም ካልታየ በጎን ያለውን የድምቀት ጎማ አሽከርክሩ። ብዙዎች ሞታለች ብለው የሚጥሏት እሱ ወደ ዜሮ ስለወረደ ብቻ ነው። በእኛ በደሴ ብርድ ደግሞ ጠዋት ስክሪኑ ይፈዝዛል፣ ጽሑፉም ይዘገያል። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ይስተካከላል። የኮምቦልቻ እንግዶቻችን፣ ይህንን ለክርክር እንዳትጠቀሙበት።

ቀጥሎ ጽሕፈቱ። ሃውኪንስ ሰው ይማር ያለው አጻጻፍ ግራፊቲ ይባላል። ከስክሪኑ ሥር ያለውን ሳጥን ተመልከቱ፤ ግራው ለፊደል፣ ቀኙ ለቁጥር ነው። እያንዳንዱ የላቲን ፊደል ብዕሩ ሳይነሣ በአንድ ጭረት ይጻፋል። ለዚህ ሲባል ፊደሎቹ ተቆራርጠዋል፤ እዚህ ላይ ፊደል የቆጠረ ሰው ይጠቀማል። ኤ የመሐል ጭረቷ ተነሥቶላት ከታች ግራ ተነሥታ ወጥታ ወደ ቀኝ ትወርዳለች፤ ለ ናት። ኤፍ ከላይ ከቀኝ ወደ ግራ ተስባ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ገ ናት። ዩ ያለ ምንም ለውጥ ሀ ናት። ፈረንጆቹ መመሪያ ወረቀት ስክሪኑ ጎን ለጥፈው የተማሩትን፣ እናንተ ግማሹን ከቄስ ትምህርት ቤት ወይም ከአንደኛ ክፍል ይዛችሁት መጥታችኋል። ባዶ ቦታ ለመተው ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መሥመር፣ ለማጥፋት ከቀኝ ወደ ግራ፤ አራት ነጥብ የለም፣ ሁለት ጊዜ ነክታችሁ አንድ ነጥብ ታገኛላችሁ።

አማርኛ መጻፍ ግን አትችልም። ይህን ሳትሸሹ ተቀበሉት። መሣሪያዋ በአንድ የፊደል ስብስብ 256 ቦታ ብቻ አላት፤ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ስልክ አማርኛ ከማወቁ በፊት ኤስኤምኤስ እንደምንልከው በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ። ሌላው፣ ኤም100 ላይ ያለውን የስዕል ማስታወሻ ከፍቶ በብዕር በቀጥታ በእጅ ጽሑፍ ማስፈር። መፈለግ አይቻልም፣ መደርደር አይቻልም፣ ግን ይነበባል። ለስም ዝርዝር የመጀመሪያውን፣ ለአድራሻ ምልክት፣ ማለትም «ከሰኞ ገበያ አልፎ፣ ከወፍጮው ፊት ለፊት» ለሚለው፣ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ካርታም ይሣልበታል።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፤ ሰዓቱ። ይህን መሣሪያ የሚያነሣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው የፈረንጅ ሰዓት ሞልቶ ሲያይ ስድስት እየቀነሰ ማንበብ ነው። ለእጅ ሰዓት ይህ ያስኬዳል። ለአጀንዳ ግን አጉል ነው፤ የሰማችሁትን ቀጠሮ ስትጽፉ አንድ ጊዜ ትቀይራላችሁ፣ ስታነቡ እንደገና ትቀይራላችሁ። በአንዱ መሳሳት አይቀርም።

የእኔ ምክር፣ መሣሪያዋን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን 1:00 ኤኤም ብላችሁ ሙሉ። ከዚያ የሚሆነውን ተከታተሉ። ቀትር ላይ 6:00 ኤኤም ትላለች፤ ስድስት ሰዓት ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ 12:00 ፒኤም ትላለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት 1:00 ፒኤም፣ እኩለ ሌሊት 6:00 ፒኤም፣ ንጋት 12 ሰዓት 12:00 ኤኤም። ኤኤም ማለት ቀን፣ ፒኤም ማለት ሌሊት ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚህም ይልቅ ግሩም የሆነው፣ መሣሪያዋ ቀን የምትለውጠው 12:00 ኤኤም ሲሞላ ነው፤ ያ ደግሞ አሁን ንጋት ላይ ወድቋል። ዕለቱ በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በጎሕ ይቀየራል። እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ስትከፍቷት እሑድ ትላለች እንጂ ሰኞ አትልም፤ እኛም የምንለው እንደዚያ ነው። ሰዓቱን የምትሞሉት ከእኩለ ሌሊት በኋላና ከንጋት በፊት ከሆነ ብቻ፣ ቀኑን የትናንቱን ስጧት።

አንድ ማስተካከያ ይቀራል። የቀጠሮ ገጿ ስትወጣ ከጠዋቱ 8:00 ኤኤም እስከ 6:00 ፒኤም ያሉትን መሥመሮች ታሳያለች፤ ያ የፈረንጅ የሥራ ቀን ነው። በቅንብሩ ውስጥ መነሻውን 1:00 ኤኤም፣ መድረሻውን 11:00 ኤኤም አድርጉት። የመሥመሩ ብዛት እኩል ስለሆነ በአንድ ገጽ ይገባል።

መሰናክሉንም ልንገራችሁ። ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይጠራችኋል እንበል፤ ትኬቱ የሚለው ማክሰኞ ነው። በእናንተ መሣሪያ ግን 11 ሰዓት ንጋት ገና ሰኞ 11:00 ፒኤም ነው። ማክሰኞ ገጽ ላይ 11:00 ኤኤም ብሎ የጻፈ ሰው ማስጠንቀቂያው ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይጮኽለታል፤ ያን ጊዜ አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቷል። ለማክሰኞ አጥቢያ የሆነ ነገር ሁሉ በሰኞ ገጽ፣ በፒኤም። ይህን አንድ ሕግ ከያዛችሁ ሌላው ራሱን ያስተካክላል።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሰው ቀጠሮውን ከኮምፒውተር ጋር ሲያመሳስል ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፓልም ስለ ሰዓት ክልል የምታውቀው የለም፤ የጻፋችሁትን ቁጥር እንዳለ ታስተላልፋለች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የያዛችሁት ስብሰባ ኮምፒውተሩ ላይ 2:00 ኤኤም ሆኖ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ያንን የሚረዳው እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን ነው። ቀጠሮውን ከሌሎች ጋር የሚጋራ ሰው በፈረንጅ ሰዓት ይቆይ። ለራሱ ብቻ የሚይዝ ግን ከእኛ ጋር ይምጣ።

ሰዓቱን እንዲህ ካጠፍነው ቀን መቁጠሪያውንስ? እሱን አታጥፉት፤ አይታጠፍም። ሠላሳ ቀን ያለውን ወር 31 ባለው ውስጥ ማስገባት አይቻልም። የፈረንጁን ቀን እንዳለ ትታችሁ የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ በማስታወሻ ገጽ ጻፉ፦ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11፣ የሚመጣው የፈረንጅ ዓመት 366 ቀን ያለው ከሆነ በሴፕቴምበር 12፤ የቀሩት ወሮች ከዚያ በሠላሳ ሠላሳ ይቆጠራሉ።

ወርኃዊ በዓላትን ለመያዝ ግን ደስ የሚል ቀዳዳ አለ። ግሸን ማርያም የምትነግሥበት መስከረም 21 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል። የወሩን ማርያም በሙሉ መያዝ የሚፈልግ ሰው መሣሪያዋን «በየወሩ» ብሎ ቢያዛት ኖቬምበር 1፣ ዲሴምበር 1 እያለች ትስታለች። «በየወሩ» አትበሏት፤ «በቀን» የሚለውን መርጣችሁ «በየ30 ቀኑ» በሏት። ኦክቶበር 1፣ ኦክቶበር 31፣ ኖቬምበር 30፣ ዲሴምበር 30። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፤ ሁሉም 21። ማብቂያውን ነሐሴ 21 ላይ አድርጉ። ከዚያ ጳጉሜን መጥታ አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስት ቀን ስለምትጨምር ድግግሞሹን በአዲስ ዓመት እንደገና ትከፍታላችሁ። የወር ዕድርም፣ የቤት ኪራይም፣ የወር ዕቁብም በዚሁ ይያዛል። ሳምንታዊው ደግሞ ቀላል ነው፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ የጁምዓ ሰላት ዓርብ ነው፣ «በየሳምንቱ» ብሎ ማለፍ ነው። የሂጅራ ወሮች ግን 29 ወይም 30 የሚሆኑት ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ በድግግሞሽ አይያዙም፤ ረመዳንና ዒድን በታወጁ ጊዜ በእጅ ጻፏቸው።

ከኋላ የተቀመጡት የዕድር ጸሐፊ፣ ጋሼ፣ የአባላት ስም ዝርዝር ቢጠፋ ማን ይጠየቃል ብለዋል። እርስዎ ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ ቅጂ ይያዙ። ፓልም 3 ከኮምፒውተር ጋር ስትገናኝ የምትቆምበት መቀመጫ ባለ ዘጠኝ እግር ሲሪያል መሰኪያ ነው ያለው፤ የዛሬ ላፕቶፖች ይህ ስለሌላቸው ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ጄ-ፓይለት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ፓልም ዴስክቶፕን ቢጭን ይበልጥ ይቀናዋል። መቀመጫው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ኬብል ጨርሶ ካልተገኘ ሁለተኛ ፓልም ግዙ። በአናታቸው ላይ ያለውን ጥቁር መስኮት አግጥማችሁ በኢንፍራሬድ አንዱ ምድብ በሙሉ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ለጸሐፊውና ለገንዘብ ያዡ አንድ አንድ ማለት ነው። ደግሞ መሣሪያዋን ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡ ከሆነ ቅጂው መጀመሪያ፣ ድንጋዩን ማውጣት ቀጥሎ።

የመጨረሻው ጥያቄ መቼ ድረስ ትሠራለች የሚል ነበር። ድንጋይ እስካለና ስክሪኑ እስካልተሰበረ ድረስ ብዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሌላ ገደብ አላት። ፓልም ዓመቱን የምትመዘግበው ከ1904 ጀምሮ በሰባት ቢት ነው። ሰባት ቢት 128 ዓመት ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያዋ በዲሴምበር 2031፣ በእኛ ታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ያልቃል።

መውጫው ከባሕረ ሐሳብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ቀመር ነው። ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት መሆኑን የምታውቁ አላችሁ፤ ሰባቱ ዕለታት ከአራቱ ወንጌላውያን ጋር ዞረው ወደ ነበሩበት የሚመለሱበት ጊዜ ነው። የፈረንጁም ቀን መቁጠሪያ በእኛ ዘመን በዚሁ 28 ይዞራል። 2032 ሲገባ መሣሪያዋን 2004 ብላችሁ ሙሉ። ጃንዋሪ 1 በሁለቱም ዓመት ሐሙስ ነው፣ ሁለቱም 366 ቀን አላቸው፣ መስከረም 1 በሁለቱም ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ጳጉሜንም በየተራዋ ስድስት ትሆናለች። ከዓመተ ምሕረቱ በቀር ሁሉም ልክ ነው። በዚህ ሂሳብ ሌላ 28 ዓመት አላችሁ። አሁን ኑና ሰዓቱን በእጃችሁ ሙሉት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ 3:30 ኤኤም በሏት።